አርቪል ያልቆፈረው መቃብር

ላውረል ሸለቆ ውስጥ ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍሩት የራሱ ሰዎች ናቸው። የመቆፈሪያ መኪና አይገባም፤ ተከፍሎት የሚቆፍር ሰውም አይጠራም። ሟቹ ወንድም ካለው የመጀመሪያውን አፈር የሚያወጣው እሱ ነው። ጉድጓዱ ሲያልቅም ወርዶ አራቱን ማዕዘን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ይህን ሳያደርግ የቀረ ወንድም ቢኖር ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም። ዝም ይሉታል እንጂ። ከስድብ ይልቅ ሰውን የሚያጠወልገው ያ ዝምታ ነው።

አርቪል ስሎን የወንድሙን የቬርለንን መቃብር ቆፍሯል ይባላል። አልቆፈረም። ይህን ከእግዜር ቀጥሎ አሳምረው የሚያውቁት አብረውት የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ጎርማን ታኬትና ዶይል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመቃብሩ ሳይሆን ከአርቪል ወገብ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርቷል። ሥራው ጣሪያው እንዳይናድ ረጃጅም ብሎን ወደ ላይ እየሰረሰሩ ማሰር ነበር። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብሎን ገና ካልገባለት ቦታ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ድንጋይ ወርዶ ወገቡ ላይ አረፈ። ሐኪሞቹ አከርካሪውን በስድስት ብሎን አያይዘው ሰፉት። “ስንት ዓመት ጣሪያ ሳስር ኖሬ፣ ይኸው እኔም ታሰርኩ” ይል ነበር በዚያ ሰሞን፣ ገና መሳቅ ሲችል። ኩባንያው በዓመቱ ከስሮ ተዘጋ። በሩ ላይ ሰንሰለት ቀረ እንጂ የሚከሰስ ሰው አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ አርቪል ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ይችላል፣ አሥር ደቂቃ መቆም ይችላል። የቀረውን ቀን ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ጣሪያ ሲያይ ይውላል። ዕድሜው አርባ ዘጠኝ ነው። ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ኖርማ ናት። እሷ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ትውላለች፤ ማታ ስትገባ ጉልበቷ አብጦ ጥቅል ጎመን አክሎ ነው።

መንግሥት እንዲህ ላለ ሰው የጉዳት አበል ይከፍላል። ልመና አይደለም፤ አርቪል ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከደመወዙ የተቆረጠበት ነው። ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ሁለት ጊዜም “ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ” የሚል ወረቀት መጣለት። ሦስተኛው ዙር ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ነው። ኖርማ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው።

“ይሄም እምቢ ካለ ኦሃዮ እህቴ ጋ እንሄዳለን። ይህን ቤት ብቻዬን አልይዘውም፣ አርቪል። ጉልበቴ አልቋል።”

“እህትሽ የት ታስቀምጠናለች?”

“ምድር ቤቱ ባዶ ነው ብላለች።”

“እኔ ከመሬት በታች ኖሬ ጨርሻለሁ” አለ አርቪል።

ቀልዱ አልሰመረም። ሁለቱም ያሰቡት ከቤታቸው በላይ ስላለው ኮረብታ ነበር። አባቱና እናቱ እዚያ ናቸው፤ በሦስት ወሯ የሞተችባቸው ልጃቸውም እዚያ ናት። ኖርማ በየእሁዱ ሣሯን ታጭዳለች። ያንን ትቶ መሄድ ለሁለቱም ሞት ነው፤ ሁለቱም ግን አላነሱትም።

ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የጠበቃ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይበዛል። ሁሉም ፈገግ ብለው “ካላሸነፍን ገንዘብ አንቀበልም” ይላሉ። ኖርማ መኪናውን እየነዳች አንድ በአንድ አየቻቸውና አንዷን መረጠች። “ይቺ ትሁን” አለች፣ “ይቺ እንኳን አትገለፍጥም።” ኬሊ ብራንሃም የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ማዕድን ውስጥ ሠርቶ የሞተ ነው፤ ስለ ብሎን ማስረዳት አላስፈለጋትም።

“እንዴት ነዎት፣ አቶ አርቪል?” አለችው የመጀመሪያ ቀን።

“ከመሬት በላይ ነኝ ልጄ፤ ተመስገን።”

“ይኸውልዎ” አለች ብዕሯን አስቀምጣ። “ዳኛው ፊት እንዲህ ካሉ አለቀልን። እዚህ አገር ሰው ሁሉ እየሞተ ደህና ነኝ ይላል። ዳኛው ደግሞ ደህና ነኝ ያለውን ሁሉ ደህና ነው ብሎ ይጽፋል።”

“ታዲያ ላልቅስለት?”

“አያልቅሱ። እውነቱን ይንገሩት። ከወለሉ ላይ የሚያነሳዎ ማን ነው?”

አርቪል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። እሷን የመሰለች ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። “ኖርማ” አለ በመጨረሻ። ኬሊ ጻፈችው።

ቀጠሮው ዓመት ከአምስት ወር ቆየ። በመካከሉ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወንድሙ ቬርለን በከሰል ብናኝ የደረቀ ሳንባው እምቢ ብሎት ሞተ።

አርቪል ያን ጠዋት ሦስት የሕመም ማስታገሻ ክኒን በአንዴ ውጦ በከዘራ ኮረብታውን ወጣ። ጎርማን አካፋውን ዘረጋለት። “ወንድም አርቪል፣ የመጀመሪያዋ ያንተ ናት” አለው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ወግ ወንድም እያሉ ነው የሚጠራሩት። አርቪል አካፋውን ተከለ፣ ረገጠ፣ አንዴ አፈር አወጣ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ወገቡ ተቆለፈ። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ጎርማንና ዶይል አንድም ቃል ሳይወጣቸው ከግራና ከቀኝ ገብተው መቆፈር ጀመሩ። ሲጨርሱ፣ ልማድ ነውና፣ ብብቱን ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ አወረዱት። ማዕዘን የሚያስተካክል ሰው መስሎ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። እስከ ደረቱ መሬት ውስጥ ነበር፤ እንባው ይወርዳል፣ ለወንድሙ ይሁን ለወገቡ እሱም አያውቀው። የቬርለን የልጅ ልጅ መጥታ በስልኳ ፎቶ አንስታው የወረደችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እነጎርማን እንደ ጆንያ ጎትተው አወጡት።

ምሳ ላይ፣ ቦሎቄውና የበቆሎ ዳቦው ቀርቦ፣ ጎርማን ሰው ሁሉ እየሰማ “አርቪል ለወንድሙ ጥሩ መቃብር ቆፈረለት” አለ። አርቪል ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የአርቪል ዝምታ ግን ነቀዘ።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ኬሊ ደወለች። ድምፅዋ ደህና አልነበረም። “አቶ አርቪል፣ መቃብር ቆፍረዋል?” አለች። ልጅቷ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አውጥታው፣ ሥሩም “አጎቴ አርቪል የአያቴን መቃብር ሲቆፍር” ብላ ጽፋ ኖሯል። ከአበል ቢሮ አንዱ መርማሪ አግኝቶ ፋይሉ ውስጥ አስገብቶታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አርቪል ስልኩን እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈ። ለኖርማ እንኳን ነግሯት አያውቅም። “አልቆፈርኩም” አለ ቀስ ብሎ። “አካፋውን ይዤ ቆሜ ነው።”

“ለዳኛው ልክ እንደዚህ ይንገሩት።”

የቀጠሮው ዕለት የእነሱ መኪና አልነሳም አለና የቬርለን ሚስት ኦፓል ወሰደቻቸው። ኦፓል ኮሪደር ላይ ቀረች። ዳኛው ክፉ ፊት ያለው ሰው አልነበረም፤ የደከመው ይመስላል፣ በየመሀሉ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። ኖርማ ስለ ጫማው፣ ስለ ወለሉ፣ ሽንት ቤት ስለምትደግፈው ተናገረች። አርቪል ጆሮው ቀላ፤ ግን ኬሊ እንደነገረችው አንዱንም አላስተባበለም። ከዚያ በስልክ መስመር ላይ ያለ አንድ የሥራ ጉዳይ አዋቂ ተጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ወገብ ያለው ሰው ምን ሊሠራ ይችላል?

“ተቀምጦ የሚሠራ ለውዝ መልቀም አለ” አለ ድምፁ። “በአገሪቱ ውስጥ ስምንት ሺህ ያህል የሥራ ቦታ ይኖራል።”

አርቪል በዚያ አውራጃ ያለውን ለውዝ በሙሉ ያውቀዋል፤ ነዳጅ ማደያው ባንኮኒ ላይ በጨው ተቆልቶ በከረጢት የተሰቀለው ነው።

ዳኛው ፎቶውን አነሳ። “አቶ ስሎን፣ ይህ እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ።”

“መቃብር እየቆፈሩ ነው?”

ኬሊ አየችው። ኖርማም አየችው። አርቪል በማለበት እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። “አይደለም፣ ክቡር ዳኛ” አለ። “የወንድሜን መቃብር አልቆፈርኩም። አንድ አካፋ አወጣሁ፣ ከዚያ ወገቤ ያዘኝ። ሌሎች ቆፈሩት። እኔን አወረዱኝ፣ ኋላም ጎትተው አወጡኝ።” ኖርማ አፏን በእጇ ያዘች።

ዳኛው ፎቶውን አስቀመጠ። “ይህን ያየ ሰው አለ?”

“ጎርማን ታኬትና ዶይል። እነሱ ናቸው የቆፈሩት።”

“እንግዲያው አሥር ቀን እሰጣለሁ” አለ ዳኛው፣ “ያዩትን በጽሑፍ ያቅርቡ።” ኬሊ ኮሪደር ላይ የአርቪልን ክንድ ያዝ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። “አምኖዎታል፤ አይቼዋለሁ። ደብዳቤውን ብቻ መጀመሪያ ለእኔ ያምጡልኝ” አለች፣ አድራሻዋን ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋር እያስጨበጠችው።

መኪና ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ወደ ቤት ሲቃረቡ፣ አርቪል “ኦፓል” አለ። “የምነግርሽ ነገር አለ። የቬርለንን መቃብር...”

“አውቃለሁ” አለች ኦፓል ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። “በወጥ ቤቱ መስኮት አይቼሃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፣ አርቪል። ማን ይናገረዋል ብለህ ነው?”

አርቪል ፊቱን ወደ ወንበሩ አዞረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቄዋለሁ ያለውን ሌሎቹ ናቸው የደበቁለት። ይህን ሲያውቅ እፎይ ማለት ነበረበት፤ ባሰበት እንጂ አላለም።

በማግስቱ ነዳጅ ማደያው ሄደ። ጎርማንና ዶይል እንደ ሁልጊዜው ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው ተቀምጠዋል።

“መጣ የመንግሥት ጡረተኛ!” አለ ዶይል። “እንዴት ነህ?”

“ከመሬት በላይ።”

“ያንተስ ይገርማል። ለሃያ ዓመት ከመሬት በታች ነበርክ፣ አሁን ከላይ ሆነህም ተኝተህ ነው የምትውለው።”

“ዳኛው ደብዳቤ ይፈልጋል” አለ አርቪል ወረቀቱን እያወጣ። “ስለ መቃብሩ። ያያችሁትን ጻፉልኝ።”

“ስለ መቃብሩ ምን አገባው?” አለ ጎርማን።

አርቪል የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስለው ያደረ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አልቆፈርኩም፣ አልቻልኩም ብላችሁ ጻፉ ማለት ብቻ። ዳኛ ፊት፣ ባዕድ ፊት፣ ብሎታል። ጎርማን ፊት ግን እምቢ አለው። ጎርማን ነው ሰው ሁሉ ፊት ተነስቶ ክብሩን የሰጠው፤ ያንን መልሶ እጁ ላይ እንዴት ያስቀምጥበታል? አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

“ፎቶ አግኝተው... ቆፈረ አልቆፈረም የሚል ክርክር አንስተው” አለ። “እናንተ የነበራችሁ ናችሁ። ያያችሁትን ነው። ለጠበቃዋ ትሰጧታላችሁ።”

ጎርማን ፊቱ ጠቆረ። “ማነው ክርክር ያነሳው?” ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ። “ለእኛ ተወው፣ ወንድም አርቪል። ሂድና ጋደም በል።”

አርቪል ሄደ። ያን ጊዜ ሊመለስ ይችል ነበር። ሰባት እርምጃ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ጎርማን ደብዳቤው መሄዱን በስልክ ነገረው። “ጠበቃዋን ምን አስቸገርናት” አለ፣ “ወረቀቱ ላይ የዳኛው አድራሻ አለ አይደል? በአደራ ፖስታ በቀጥታ ላክነው። ዶይል ነው ያጻፈኝ፤ አሳምረን ጽፈናል።” አርቪል ስልኩን ዘጋ። ለኖርማ አልነገራትም።

ውሳኔው የመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ኬሊ ራሷ ቤታቸው ድረስ መጥታ አነበበችላቸው፤ አርቪል ወለሉ ላይ እንደተኛ፣ ኖርማ ከሥራ የመጣችበትን ሽርጥ ሳታወልቅ። ዳኛው የእነጎርማንን ቃል እንዳለ ጽፎታል።

“ክቡር ዳኛ ሆይ፣ አርቪል ስሎንን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። በዚህ ሸለቆ እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ አልተፈጠረም። የወንድሙን መቃብር ከመጀመሪያው አካፋ እስከ መጨረሻው ማዕዘን ቆፍሯል፤ ከማናችንም አላነሰም። አልቆፈረም የሚል ካለ ውሸታም ነው። እንዲህ ላለ ሰው አበል ካልተሰጠ ለማን ሊሰጥ ነው?”

ኬሊ ንባቧን አቆመች። ሊኩሉ ብለው ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በታች ያለው አጭር ነበር፤ አመልካቹ በመሐላ የሰጠው ቃል ከራሱ ምስክሮች ጋር ስለሚጋጭ ስለ ሕመሙ የተናገረውም አይታመንም፤ ተቀምጦ መሥራት ይችላል።

“ለበላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል” አለች ኬሊ። “ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያም በላይ። ግን ሁለቱ ሰዎች እንደገና መጻፍ አለባቸው። ለዳኛው የጻፍነው ሐሰት ነው ብለው መፈረም አለባቸው። ያለዚያ አልዋሽዎትም፣ ምንም የለንም።”

“ጎርማን ሐሰተኛ ነኝ ብሎ ይፈርም?” አለ አርቪል ጣሪያውን እያየ።

“እኔ ልንገራቸው። እርስዎ አፍዎን አይክፈቱ።”

“አይሆንም፣ ልጄ።”

“አቶ አርቪል፣ እነሱ ይህን ያደረጉት ለእርስዎ ብለው ነው። ቢያውቁ...”

“ቢያውቁማ” አለ አርቪል፣ “ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። አልነግራቸውም። አትነግሪያቸውም።”

ኬሊ ኖርማን አየቻት። ኖርማ ወለሉ ላይ ያለውን ባሏን ቁልቁል እያየች ቆማ ነበር። “ኩራቱ ያንተ፣ ጉልበቱ የኔ” አለች። ሌላ አልተናገረችም፤ እውነቷን ነው፣ እሱም እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ሲፈስ ተሰማ።

ቤቱን ለቀው የሄዱት በግንቦት ነው። ኖርማ ጠዋት ኮረብታውን በዝግታ ወጥታ የልጇን ሣር አጭዳ ወረደች። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ጎርማንና ዶይል ከአግዳሚ ወንበሩ ተነስተው መጡ። አርቪል ኋላ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፎ ተጋድሟል፤ መስኮቱን አወረደ።

“እንዲህ ያለ መንግሥት!” አለ ጎርማን። ዓይኑ ቀልቷል። “ወንድሜ፣ ደብዳቤያችን አልበቃ አለ ማለት ነው? ሌላ ልንጽፍ እንችላለን። ከዚያ የጠነከረ እንጽፋለን።”

ኖርማ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። አርቪል ጣቶቿ ሲነጡ አየ።

“ደብዳቤው ደህና ነበር” አለ አርቪል። “ዳኛውም አመስግኖታል። በሌላ ነው የጣሉኝ፣ በሐኪም ወረቀት።”

“እኔም ብያለሁ” አለ ዶይል። “አላልኩም ጎርማን? ደብዳቤው ጥሩ ነው ብያለሁ።”

ጎርማን እጁን በመስኮት አስገብቶ የአርቪልን ትከሻ ያዘ። “ቀኑ ሲደርስ ወደዚህ ያመጡሃል። የመቆፈሪያ መኪና አናስነካህም፤ እኔና ዶይል ነን የምንቆፍርልህ። ኖርማ፣ ትደውይልናለሽ አይደል?”

“እደውላለሁ” አለች ኖርማ።

ሞተሩን አስነሳች። ሸለቆውን ወጥተው ዋናው አውራ ጎዳና ላይ እስኪገቡ ድረስ አልተናገረችውም፤ እሱም አልተናገራትም። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ግን አርቪል ማቃሰት ጀመረ፣ እሷም መኪናውን ዳር አቁማ ወረደች፤ ጉልበቷን ይዛ በርከክ ብላ እግሩን ከፊቱ ባለው ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለችለት።